ከቀለሙ በፊት ዝገቱ

በጎተራ ማሳለጫ የሚያልፍ ሰው አስፋልቱን እንጂ መንገድ የሚጠርገውን ማሽን አያስታውስም። የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ የዓለም ባንክም በዚያው ዓመት ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ሲያበድር፣ ኮረብታ ለመናድ የሚያስፈልገው ባለ ሰንሰለቱ ትራክተር፣ በእኛ አጠራር ዶዘር፣ ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፈ ካለ በቁርጥራጭ ብረትነት ከሚሸጥ ታድሶ ሊቀመጥ ይገባል።

«ብረቱ ገንዘብ ነው፤ ቀለም ቀብቶ ማቆም ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። ቁርጥራጭ አንዴ ይሸጣል፤ ታድሶ የቆመው ግን ለቴክኒክ ተማሪ ሞተሩንና ሰንሰለቱን በዓይኑ ያሳየዋል። ይህ የሚሆነው ታዲያ እድሳቱ የእውነት ሲሆን ነው። ግሪሱ ሳይታጠብ፣ ዝገቱ በብረት ብሩሽ ሳይፋቅ፣ አንቲረስት ሳይቀባ የተረጨ ቀለም ብዙ ሳይቆይ ይላጣል። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ መፈግፈጉ አደገኛ ነው፤ እያረጠቡ፣ በደህና ማስክ ይሠራ። ቀለሙም በግምት አይመረጥም፤ ካተርፒላር እስከ 1931 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ማሽኖቹን ግራጫ ይቀባ ነበር፣ ታዋቂው ቢጫ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። የጥንቱ ቀለም ብሎን ሲፈታ ከሥሩ ሊገኝ ይችላል። አሮጌ ዶዘር በግቢያችሁ ያላችሁ፣ ከማስቆረጣችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ብሎን ፍቱና እዩ።