ሕፃን ተኝቶም ጭቅጭቅ ይሰማል

«ገና ጨቅላ ነው፣ ምን ያውቃል?» የምትሉኝ ወላጆች ብዙ ናችሁ። ያውቃል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከ6 እስከ 12 ወር የሆናቸውን ሕፃናት እንደተኙ በኤምአርአይ መርምሯል፤ ጭቅጭቅ ከበዛበት ቤት የመጡት፣ ስሜትንና ጭንቀትን የሚቆጣጠሩት የአንጎላቸው ክፍሎች ለቁጣ ድምፅ የበለጠ ምላሽ ሰጥተዋል። ቃሉ ባይገባቸውም ቃናውን ይለያሉ። ልጁ ከፍ ሲል ይኸው ጭንቀት በመነጫነጭ፣ ከእናት ቀሚስ ባለመላቀቅ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና በመጀመር ወይም እኩዮችን በመማታት ሊወጣ ይችላል፤ እኛ ግን «አመሉ ከፋ» ብለን እንቀጣዋለን።

«ታዲያ የማይጋጭ ባልና ሚስት አለ?» ትሉ ይሆናል። የለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው የማርክ ከሚንግስ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ልጅን ይበልጥ የሚረብሸው ሳይፈታ የቀረ ጠብ ነው፤ እርቁን ያየ ይረጋጋል። ኩርፊያም ያው ጠብ ነው፣ በተለይ ልጁን «አባትህን እራት ቀርቧል በለው» እያሉ መላላኪያ ማድረግ። ጥያቄ ካላችሁ የልጁን ዕድሜ ጨምራችሁ ጻፉልኝ።