ባሕር ውስጥ የሰጠመ አይሮፕላን

በመሥሪያ ቤትዎ ያረጀ ንብረት ከመዝገብ ሲሠረዝ ዕድሉ ወይ ሐራጅ ወይ መጣያ መሆኑን ያውቃሉ። ለአይሮፕላን ግን ሦስተኛ ዕድል ተገኝቶለታል፤ ይኸውም ነዳጁና ዘይቱ ተቀድቶ፣ ሽቦው ተነቅሎ፣ ሆነ ተብሎ ባሕር ውስጥ መስጠም ነው። ካናዳ በ2006፣ ቱርክም በ2016 ይህንኑ አድርገዋል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለእኛ የሚቀርበው ግን በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በዮርዳኖስ ወደብ በአቃባ የተደረገው ነው።

የዚህ ሥራ ምክንያት ኮራል ነው። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ቢመስልም፣ እጅግ ጥቃቅን እንስሳት ተባብረው የሚሠሩት ቤት ነው። ጨቅላው ኮራል በውሃ ላይ ተንሳፎ ከሰነበተ በኋላ የሚጣበቅበት ጽኑ ነገር ይሻል፤ አሸዋ አይሆነውም። ስለዚህ በባዶው አሸዋ ላይ ጽኑ አካል ቢቀመጥለት ይሰፍርበታል፤ ዓሣውም መሸሸጊያና ምግብ ፍለጋ ይከተለዋል። ጠላቂ ዋናተኞችም ወደ አዲሱ ስፍራ ሲሄዱ ነባሩ ኮራል ከእጅና ከእግር ጥቂት ያርፋል።

ነገር ግን የተጣለ ሁሉ ቤት አይሆንም። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ጠረፍ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት፣ 2 ሚሊዮን ያህል አሮጌ የመኪና ጎማ በዚሁ ተስፋ ባሕር ውስጥ ተጣለ። ማሰሪያው ተበጠሰና ጎማው በማዕበል እየተንከባለለ ሕያውን ኮራል ቀጠቀጠው። የአይሮፕላንም ችግር ከዚህ ይቀራረባል። መርከብ በክብደቱ ይጸናል፤ አይሮፕላን ግን እንዲበር ሲባል ከቀላል አሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ፣ በአየር ላይ የረዳው ቅለት በውሃ ውስጥ ይጎዳዋል። በአቃባ በ2017 የሰጠመውን ሲ 130 የተባለ የጦር ማመላለሻ አይሮፕላን በ2020 የተነሣ ማዕበል ሰባበረው። በ2019 የሰጠመው ትራይስታር የተባለ ትልቅ የመንገደኞች አይሮፕላን ግን እስከ 28 ሜትር ገደማ ወደሚደርስ ጥልቀት ወርዷል። የማዕበል ኃይል ወደ ታች በወረዱ መጠን ስለሚደክም፣ ጠለቅ ያለው ስፍራ ይሻላል።

ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ለአይሮፕላኑ ቢመች ለጎብኚው አይመችም። 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ገጽ ሦስት እጥፍ ስለሚሆን፣ ጠላቂው በጀርባው ያዘለው አየር በሦስት እጥፍ ፍጥነት ያልቅበታል። ወደ አይሮፕላኑ ሆድ የገባ ሰው ደግሞ ከራሱ በላይ ጣራ አለበትና፣ አየሩ ቢያልቅ በቀጥታ ሊወጣ አይችልም። በተጨማሪም በግፊቱ ምክንያት ናይትሮጅን በደሙ ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው ፈጥኖ ከወጣ፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደምናየው፣ ናይትሮጅኑ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያንና ኅብለ ሰረሰርን ይጎዳል። ስለዚህ ቀስ ብሎ እየወጣ፣ 5 ሜትር ላይ ሲደርስ 3 ደቂቃ ያህል ይቆያል።

ከአቃባ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መንገደኛ ለብዙ ቀናት ሲጠልቅ ሰንብቶ እንደሆነ፣ ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መታገሥ ይገባዋል። በአይሮፕላን ውስጥ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ከተማችንም 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፣ ከወረደ በኋላም የሚቀበለው አየር ሳሳ ያለ ነው።