አንጎላቸውን ለምርምር ያወረሱ መነኮሳይያት

አንድ ሽማግሌ አባት የገዛ ልጃቸው ስም ሲጠፋባቸው፤ አንዲት አሮጊት እናት ምሳቸውን በልተው ሳሕኑ ገና ሳይነሣ «ዛሬ እህል አልቀመስሁም» ብለው ሲያዝኑ፤ በብዙ ቤት የሚሰማው ቃል አንድ ነው። «ጃጅተዋል» ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ይህን የሚሉ ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም፤ አእምሮን የሚያጠፋው እርጅና ራሱ ስለሚመስላቸው ነው እንጂ። ነገር ግን እርጅና ብቻውን ሰውን ልጁን አያስረሳውም። ዘጠና ዓመት አልፏቸው፤ ዓይናቸው ፈዞ ጕልበታቸው ደክሞ ሳለ፤ የንባቡን ስሕተት በጆሯቸው ብቻ ለይተው ተማሪውን የሚያርሙ መምህራን መኖራቸውን በጉባኤ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ በዕድሜ እኩል ከሆኑት ሁለት ሰዎች አንዱ እንዲህ፤ ሌላው እንዲያ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ከቅርብ ለመመርመር የቻሉት በአንድ የመነኮሳይያት ማኅበር ቸርነት ነው።

ስለ ማኅበሩ ከመናገር አስቀድሞ የበሽታውን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1901 ዓ.ም. ወይዘሮ አውጉስተ ዴተር የተባሉ የ51 ዓመት ሴት በጀርመን አገር፤ በፍራንክፉርት ከተማ ወዳለው የአእምሮ በሽተኞች ሐኪም ቤት ገቡ። ዶክቶር አሎይስ አልዛይመር ስማቸውን እንዲጽፉ ሲጠይቋቸው መጻፍ ይጀምሩና የቀረው ይጠፋባቸው ነበር። በሽተኛዋ በ1906 ዓ.ም. ሲሞቱ ሐኪሙ ወደ ሚዩኒክ ተዛውረው ነበርና አንጎሉ ወደዚያ ተላከላቸው። እርሳቸውም በብር ቅመም አቅልመው በማይክሮስኮፕ ቢመለከቱት ሁለት ነገር አገኙ፤ ይኸውም በሕዋሳቱ መካከል እንደ ዝቃጭ የረጋ ባዕድ ነገርና በሕዋሳቱ ውስጥ እንደ ተወታተበ ፈትል የተጠማዘዘ ክር ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 3 ቀን ይህን በቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ገለጹ፤ ከተሰብሳቢዎቹ ግን ጥያቄ ያቀረበ አንድ ስንኳ አልነበረም። በሽታው በአልዛይመር ስም የተጠራው ከአራት ዓመት በኋላ፤ ፕሮፌሰር ኤሚል ክሬፐሊን በ1910 ዓ.ም. በመጽሐፋቸው ውስጥ ከጻፉት ወዲህ ነው።

ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ሐኪሞቹ ራሳቸው ይህን ስም ገና ሳያረጁ ለሚታመሙ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይሰጡት ነበር። ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላውን ሰው ግን እንደ ማንኛውም ቤተሰብ «ጃጅቷል» ብለው ያልፉት ነበርና ተራው ሕዝብ ብቻውን አልተሳሳተም። በ1960ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር የኒውካስል ሊቃውንት የሞቱ ሽማግሎችን አንጎል መርምረው ያው ዝቃጭና ያው ክር እንደሚገኝበት አሳዩ፤ በ1976 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ካትዝማን ሁለቱ አንድ በሽታ እንደ ሆኑ ጻፉ። ዛሬ ዝቃጩ አሚሎይድ፤ ክሩም ታው ከሚባል ፕሮቲን እንደ ተሠራ ታውቋል። ክሩ አስቀድሞ ከሚያጠቃቸው ክፍሎች አንዱ አዲስ ትዝታ የሚቀረጽበት የአንጎል ክፍል ስለ ሆነ፤ በሽተኛው የልጅነቱን ዘመን እየተረከ የዛሬን ጧት ይረሳል። ይልቁንም የሚያስደንቀው ነገር ዝቃጩ መጠራቀም የሚጀምረው የመርሳት ምልክት ከመታየቱ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ዓመት አስቀድሞ መሆኑ ነው።

መርማሪዎቹን ያስቸገራቸው እንቅፋትም ከዚሁ የተነሣ ነው። የሟቹን አንጎል ቢያገኙ የወጣትነቱን ኑሮ አያውቁም፤ ኑሮውን ቢያውቁ አንጎሉን አያገኙም። ደግሞም አንዱ ሰው ትምባሆ ያጨሳል፤ ሌላው በድኽነት ኖሯል፤ ሦስተኛው ሐኪም አይቶ አያውቅም፤ ልዩነቱ እንዲህ ሲበዛ ምክንያቱን ከምክንያት ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

በ1986 ዓ.ም. በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዶክቶር ዴቪድ ስኖውደን፤ የበሽታን አመጣጥና አካሄድ በሕዝብ መካከል የሚያጠኑ ሊቅ ናቸው፤ በማንኬቶ ከተማ ኮረብታ ላይ ወዳለው የኖትር ዳም አስተማሪ እኅቶች ገዳም ሄዱ። ይህ ማኅበር በ1833 ዓ.ም. በጀርመን፤ በባቫርያ አገር የተመሠረተ የካቶሊክ ሴቶች ማኅበር ነው፤ ወደ አሜሪካም በ1847 ዓ.ም. ተሻግሯል። (አልዛይመርም የባቫርያ ተወላጅ መሆናቸው አጋጣሚ ነው።) የገዳምን የአንድነት ኑሮ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ማኅበር ለመርማሪ ምን ያህል እንደሚመች ወዲያው ይገባዋል። እኅቶቹ በአንድ ማዕድ ይበላሉ፤ በአንድ ዓይነት ቤት ይኖራሉ፤ የሚያገኙት ሕክምና አይበላለጥም፤ አያጨሱም፤ አይወልዱም፤ አብዛኞቹም ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በማስተማር ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ እያንዳንዷ እኅት ከገባችበት ቀን ጀምሮ ስለ እርሷ የተጻፈው ሁሉ በመዝገብ ቤት ተጠብቋል።

ዶክቶር ስኖውደን በ1990 ዓ.ም. ወደ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ከተዛወሩ በኋላ ሥራው እየሰፋ በአሜሪካ ልዩ ልዩ ክፍሎች ወዳሉት የማኅበሩ ገዳማት ደረሰ። ከ75 ዓመት በላይ ለሆናቸው 1,027 እኅቶች የቀረበላቸው ልመና ቀላል አልነበረም። በየዓመቱ የማስታወስና የማሰብ ችሎታቸው ይፈተናል፤ አካሄዳቸውና የእጃቸው ጕልበት ይታያል፤ መዝገባቸው ይከፈታል፤ ሲሞቱም አንጎላቸው ወጥቶ ለምርመራ ይላካል። ሌላውን ሁሉ የሚፈቅድ ሰው በመጨረሻው ነገር ቢያመነታ አያስደንቅም። ትንሣኤ ሙታንን ተስፋ የሚያደርግ ሰው ሥጋው ሳይከፋፈል እንዲቀበር መመኘቱ በየትኛውም አገር የታወቀ ነው፤ ደግሞም ሰው ገና በሕይወት ሳለ ስለ ገዛ ሬሳው ሲመካከር መስማት ልብን ይከብዳል። እንዲህም ሆኖ 678ቱ ፈቃዳቸውን በፊርማቸው ሰጡ፤ 349ኙ ግን አልሰጡም። እንቢ ያሉትን የሚነቅፍ የለም። እሺ ያሉት እኅቶች ግን ልጅ ሳይወልዱ ትውልድ ያስተማሩ ነበሩና፤ ከሞቱም በኋላ ማስተማርን እንደ መቀጠል ቈጠሩት። ከፈቀዱት ሁሉ ታላቋ የ102 ዓመት አሮጊት ነበሩ።

ከመዝገብ ቤቱ የተገኘው ነገር ግን ሊቃውንቱ ከጠበቁት በላይ ሆነ። በሴፕቴምበር ወር 1930 ዓ.ም. የማኅበሩ የሰሜን አሜሪካ እመ ምኔት፤ እያንዳንዷ እኅት የሕይወት ታሪኳን በአንድ ወረቀት ላይ፤ ከሁለት መቶ እስከ ሦስት መቶ በሚደርስ ቃል እንድትጽፍ አዝዘው ነበር። የተወለደችበትን አገር፤ ወላጆቿን፤ የተማረችበትን ቤት፤ ወደ ምንኵስና የሳባትን ነገር ትጻፍ የሚል ነው። በሚልዋኪና በባልቲሞር ገዳማት የ93 እኅቶች ጽሑፍ ተገኘ፤ ሲጽፉት ዕድሜያቸው በአማካይ 22 ዓመት ነበር።

የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ሊቅ ሱዛን ኬምፐር የተባሉት ሴት እነዚህን ጽሑፎች በሚዛን መዘኗቸው። ሚዛኑም የጽሕፈት ማማር ወይም የቃል መርዘም ሳይሆን፤ በየአሥሩ ቃል ውስጥ ስንት አሳብ ታጭቋል የሚል ነው። በአማርኛ ምሳሌ ቢሰጥ፤ አንዷ «አባቴ ገበሬ ነበረ። እናቴ ደግ ነበረች። ወንድሞች ነበሩኝ» ብላ ትጽፋለች፤ ሌላዋ «አባቴ በተበደረው በሬ እያረሰ፤ እናቴ ሌሊት እየፈተለች፤ ከወንድሞቼ ለይተው እኔን ትምህርት ቤት ሰደዱኝ» ትላለች። ሁለቱም ስለ አንድ ቤት ተናገሩ፤ የሁለተኛዪቱ ቃል ግን አሳብን ከአሳብ ጋር አያይዞ ይሸከማል። በጥቂት ቃል ብዙ ምሥጢር ማሳደር ምን እንደ ሆነ ቅኔ የዘረፈ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ውጤቱ በ1996 ዓ.ም. ታተመ። በወጣትነታቸው አሳባቸው ሳስቶ የተገኘባቸው እኅቶች፤ 58 ዓመት ያህል ቆይቶ በተደረገው ፈተና የማስታወስና የማሰብ ችሎታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ከሞቱት 14 እኅቶች መካከል ደግሞ አሳባቸው የሳሳው ሁሉ በአንጎላቸው የአልዛይመር በሽታ ተረጋገጠ፤ አሳባቸው ከበለጸገው ግን በአንዲቷም አልተገኘም። ይህ ቃል ሲነገር ያስደነግጣል። ነገር ግን 14 ሰው ጥቂት መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ ትርጕሙም ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በልጅነትና በወጣትነት በትምህርት የበረታ አእምሮ በሽታውን የሚቋቋምበት ስንቅ ያከማቻል የሚል ነው። ሌላው ደግሞ በሽታው ገና በወጣትነት በስውር ጀምሮ ጽሑፉን ራሱን አሳስቶታል ይላል። መነኮሳይያቱን በማየት ብቻ ከሁለቱ አንዱን መርጦ መፍረድ አይቻልም፤ «ብዙ ያነበበ አይታመምም» እያሉ የሚያወሩት ሰዎች ግን ከጥናቱ ያልተገኘ ነገር ጨምረዋል። የተማሩ ሰዎችም በዚህ በሽታ ይያዛሉ፤ ታምመውም ይሞታሉ።

እኅት ሜሪ ተብለው በጥናቱ የሚጠሩት መነኵሲት ታሪክ ግን ከቍጥሩ ሁሉ ይበልጥ ሊቃውንቱን አሳስቧል። እኅት ሜሪ ማስተማር ሲጀምሩ ከስምንተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት አልነበራቸውም፤ የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀታቸውን ያገኙት በክረምት ክረምት እየተማሩ በ41 ዓመታቸው ነው። በ101 ዓመታቸው ሲሞቱ፤ ስምንት ወር ቀደም ብሎ በተደረገላቸው የአእምሮ ፈተና ከ30 ነጥብ 27 አግኝተው ነበር። አንጎላቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ዝቃጩም ክሩም በብዛት ተገኘበት። በአንጎላቸው የታየው ምልክት በሽተኛ ያደርጋቸው ነበር፤ አእምሮአቸው ግን እስከ መጨረሻው ያው አስተማሪ ነበረ። ስለዚህም የአንጎል መቈሰልና የአእምሮ መጥፋት ሁልጊዜ በአንድ ልክ እንደማይሄዱ ታወቀ።

ለዚህ ከተገኙት ምክንያቶች አንዱ በ1997 ዓ.ም. ተገለጸ። ከተመረመሩት 102 አንጎሎች በ61ዱ ላይ የአልዛይመር ምልክት ነበረ። ከእነዚህም ውስጥ የደም ሥር በመዘጋቱ የሞተ የአንጎል ክፍል የተገኘባቸው እኅቶች፤ ይህ ካልደረሰባቸው ይልቅ በሕይወታቸው አእምሮአቸው የደከመ ነበር። በአንጎል ጥልቅ ክፍል ያለች ትንሽ ቁስል እንኳ ሚዛኑን ታጋድለው ነበር። እንግዲህ የደም ግፊቱን ያስጠበቀ ሰው ዝቃጩን ባያስወግድም የዝቃጩን አጋዥ ይከላከላል ማለት ነው።

ይህ ነገር ዛሬ ለባለሥልጣኖች ከሁሉ የቀረበ ነው። በዓለም የጤና ድርጅት ግምት በ2021 ዓ.ም. ልዩ ልዩ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች 57 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከእነርሱም ከ60 በመቶ የሚበልጡት የሚኖሩት ኢትዮጵያን በመሰሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በ2023 ዓ.ም. በአሜሪካ በሙሉ የተፈቀደው ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት አሚሎይዱን ከአንጎል ያጠራል። በአሥራ ስምንት ወር ሙከራ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ አዘገየ እንጂ አልፈወሰም፤ በሙከራው በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጥ ነበር፤ በአንጎል ውስጥ እብጠትና መድማት ያመጣ እንደ ሆነ በምርመራ መሣሪያ መጠበቅ ያሻል፤ ሲወጣም ለአንድ ሰው በዓመት 26,500 ዶላር ተተምኖ ነበር። ይህን ዋጋ የሰማ የጤና ሹም ምን ሊያስብ እንደሚችል ግልጥ ነው።

በሌላ ወገን፤ ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የሰበሰባቸው ሊቃውንት በ2024 ዓ.ም. ሊታረሙ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝረው፤ እነዚህ ቢወገዱ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል ብለዋል። ከዝርዝሩም ውስጥ በልጅነት ትምህርት ማጣት፤ የጆሮ መደንቈር፤ ሳይታከም የቀረ የዓይን መፍዘዝ፤ የደም ግፊት፤ የስኳር በሽታ፤ ትምባሆ፤ መጠጥና ብቸኝነት ይገኛሉ። የደም ግፊት መለኪያ በጤና ጣቢያ ይገኛል፤ የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ ልጅን ትምህርት ቤት ማስገባትም ከአሜሪካ የሚመጣ መድኃኒት አያስፈልገውም። ብቻቸውን ቤት የዋሉትን አረጋውያን መጠየቅ ደግሞ ለካህኑ አዲስ ሥራ አይደለም፤ በሄደም ጊዜ ትናንት የነገሩትን ዛሬ የሚጠይቁትን እናት ቤተሰቡ እንዳይቈጣቸው፤ ወደ ሐኪምም እንዲያደርሳቸው ሊነግረው ይችላል። የመርሳት ምልክት ሁሉ አልዛይመር አይደለምና፤ ከእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም ወይም ከቪታሚን እጥረት የመጣ ሆኖ በቀላል ሕክምና የሚሻሻልም አለ።

ዶክቶር ስኖውደን ሥራቸውን ከለቀቁ በኋላ የመነኮሳይያቱ አንጎልና መዝገብ ወደ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ፤ በኋላ የመጡ ሊቃውንት በአዲስ መሣሪያ እንደ ገና መረመሩት። በ1930 ዓ.ም. ትእዛዝ መሠረት የተጻፉት ወረቀቶች ግን ብዙ ዓመት ማንም ለሕክምና ይጠቅማሉ ሳይል በገዳሙ ሣጥን ተቀምጠው ነበር፤ እመ ምኔቷም ሲያስጽፏቸው የፈለጉት የማኅበራቸውን መዝገብ ማሟላት ብቻ ነበር።