«እማዬ፣ ቁርስ ቀርቧል?» የሚል ስልክ

ወላጅዎ የስኳር ታማሚ ከሆኑና እርስዎ ርቀው የሚኖሩ ከሆነ «መድኃኒት ወሰዱ?» የምትለዋን ጥያቄ ያውቋታል። እኔም አዲስ አበባ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳንጃ ላለችው እናቴ በየጠዋቱ እደውል ነበር። ኔትወርክ የጠፋ ዕለት ወይም ስብሰባ የረዘመ ዕለት ልቤ አያርፍም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና አዲስ ዕቃ ቶሎ ይማርከኛል። መጀመሪያ ያየሁት ፈረንጆቹ የሚያናግሯቸውን የድምፅ ረዳቶች ነው። የአማዞኗ አሌክሳ «መድኃኒቴን አስታውሽኝ» ካሏት በሰዓቱ ትናገራለች። እ.ኤ.አ. በ2017 መርክ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ አሌክሳን ለስኳር ታማሚዎች ለሚያውሉ ፈጣሪዎች ውድድር አዘጋጅቶ፣ «ሹገርፖድ» የተሰኘው ሥራ የ125 ሺህ ዶላሩን ሽልማት ወስዷል። በ2023 የታተመ የስታንፎርድ ጥናት ደግሞ 32 ኢንሱሊን ተጠቃሚዎችን ለስምንት ሳምንት ተከታትሏል። ከድምፅ ረዳቱ ጋር በየቀኑ የተነጋገሩት በመካከለኛ (ሚዲያን) ስሌት በ15 ቀን ትክክለኛ መጠናቸው ላይ ሲደርሱ፣ በተለመደው መንገድ የታከሙት ግን ከ56 ቀን በላይ ፈጅቶባቸዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ያስጎመጃል።

ችግሩ አሌክሳ አማርኛ አትሰማም። ጎግል ከ2017 ጀምሮ በአማርኛ የተናገሩትን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ ይህ ግን ለእናቴ ምኗም አይደለም።

ስለዚህ ወደ ተራው የስልክ ማንቂያ ተመለስኩ። ለአክስቴ ልጅ «1 ሰዓት ላይ ሙላው» አልኩት፤ እሱም 1:00 ብሎ ሞላው። ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሚሠራ ሁለታችንም ዘነጋን። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ጮኸ። «ስልኩ ሲጮኽ ትወጊያለሽ» ብያት ነበርና እናቴ ተነሥታ መርፌውን አዘጋጀች። ደግነቱ ሳትወጋ ደወለች። «ልጄ፣ ዶሮ እንኳ ሳይጮኽ ነው የምወጋው?»

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ኢንሱሊን ያለ ምግብ፣ ያውም በእንቅልፍ ሰዓት፣ ስኳርን ከመጠን በታች ሊያወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ሲመጣ ሻይ በስኳር የሚያቀብላት ሰው አጠገቧ አልነበረም።

አሁን ማንቂያው 7:00 እና 19:00 ተብሎ ተሞልቷል፤ ጠዋትና ማታ 1 ሰዓት ማለት ነው። ጩኸቱንም በራሴ ድምፅ ቀየርኩት። በብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች የቀዱትን ድምፅ የማንቂያ ጥሪ ማድረግ ይቻላል። «እማዬ፣ ጠዋት ነው። ቁርስ ቀርቧል? ካልቀረበ መርፌውን እንዳትነኪ» ይላል። የመርፌውን መጠን ግን ሆን ብዬ አልጠቀስኩም፤ ሐኪሙ ሲቀይረው ስልኩ የድሮውን ቁጥር መናገሩን አያቆምማ!

ማንቂያው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ቢጮኽስ? ከወጋች በኋላ ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ምልክት ታደርጋለች። ከተጠራጠረች ደግማ አትወጋም፤ ለክታ ትደውላለች። ይህን ከሐኪሟ ጋር ነው የተስማማነው፤ እርስዎም ከራስዎ ሐኪም ጋር ይነጋገሩበት። ጾም ሲገባ ደግሞ አስቀድመው ይዘጋጁ። ሰውየው እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ስልኩ በ1 ሰዓት «ውጊ» ካለ አደጋ ነው። እኛ ዓቢይ ጾም ሳይገባ ሐኪሙንም የንስሐ አባቷንም አማከርን፤ አባታችን ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ ሲነግሯት ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ሰማች።

ስልክ የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ሳንጃ ይሞቃል፣ መብራትም ይጠፋል። ኢንሱሊኑን በውኃ በራሰ የሸክላ እንስራ አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ ታስቀምጠዋለች።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስደውልላት ከጀርባዋ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። «ቆይ፣ አንቺ እየጠራሽኝ ነው» ብላ ዘጋችብኝ።