የድረ ገጽ አገልጋይ አሰናዳድና አጠባበቅ

ካምፓላ የባሕር በር የሌላት አገር ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ማዶ የሚመጣው የኢንተርኔት መስመር ወደ እርስዋ የሚደርሰው የጎረቤት አገሮችን ምድር አቋርጦ ነው። በአንድ ወቅት ከአንዱ የካምፓላ ሰፈር ወደ ሌላው የሚላክ መልእክት እንኳ ባሕር ማዶ ደርሶ ይመለስ ነበር። ይህ መለወጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 የኡጋንዳ የኢንተርኔት መለዋወጫ ጣቢያ በከተማይቱ ከተቋቋመ በኋላ ነው። ሆኖም ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒዩተር በውጭ አገር ከሆነ ጣቢያው ብዙ አይፈይድም፤ አገልጋዩም በአገር ውስጥ ሊሰናዳ ይገባል።

አገልጋይ ወይም ሰርቨር ማለት ሌት ተቀን ሳያቋርጥ እየሠራ ጠያቂ ለመጣ ሁሉ ገጽ የሚያቀርብ ኮምፒዩተር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊወስደው፣ ውስጡን ሊመረምረውና ሊያሻሽለው ስለሚችል ዓይነቱ በዝቷል። ከነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኡቡንቱ ነው። ስሙ ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው ሰብአዊነት ነው። ሉጋንዳም «ኦቡንቱ» የሚል ተዛማጅ ቃል ስላለው ለካምፓላ ሰው ስሙ ባዕድ አይደለም።

የአሰናጂው የመጀመሪያ ሥራ መቀነስ ነው። የማያስፈልግ ፕሮግራም ሁሉ አንድ ቀን ለሌባ መግቢያ ሊሆን ስለሚችል ይወገዳል። ኮምፒዩተሩ ፖርት የሚባሉ፣ በቁጥር የሚለዩ ከ65 ሺህ የበለጡ በሮች አሉት። ለድረ ገጽ የሚያስፈልጉት ግን 80 እና 443 ናቸው፤ ሁለተኛው በምስጢር ለተቆለፈ መልእክት ያገለግላል። በእነዚህ ላይ አስተዳዳሪው ከሩቅ የሚገባበት 22 ይጨመራል። የቀሩትን ፋየርዎል የሚባለው ከልካይ ይዘጋቸዋል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ከሩቅ የሚሠራ ሰው 22ን ሳይፈቅድ ፋየርዎሉን ቢያስነሣ ራሱን ውጭ ዘግቶ ይቀራል። ይህም በጀማሪ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም።

በር 22 በተከፈተ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የይለፍ ቃል የሚገምቱ ፕሮግራሞች ከዓለም ዙሪያ ማንኳኳት ይጀምራሉ። ስለዚህ የይለፍ ቃል ቀርቶ የቁልፍ ጥንድ ይሠራበታል። አንደኛው ቁልፍ በአገልጋዩ ላይ ይቀመጣል፤ ምስጢሩ ቁልፍ ግን ከአስተዳዳሪው እጅ አይወጣም።

በሊኑክስ ላይ ሁሉን የሚችለው ባለ ሥልጣን ሩት ይባላል። አፓችን የመሰለ ድረ ገጽ አቅራቢ ፕሮግራም ከ1024 በታች ያሉትን በሮች ለመክፈት ሲነሣ ብቻ የሩትን ሥልጣን ይዋሳል፤ ከዚያ በኋላ እንግዳን የሚያስተናግደው ደካማ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ ስም ነው። በር ጠባቂ የግምጃ ቤት ቁልፍ አይሰጠውም። ጠባቂው ቢታለል እንኳ ጉዳቱ ከደጅ አያልፍም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ፕሮግራሞቹ ካልታደሱ ድካሙ ከንቱ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 «ሃርትብሊድ» የተባለው ስሕተት ለዓለም ሲገለጥ፣ መልእክት የሚቆልፈው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ራሱ የአገልጋዩን ምስጢር ለጠያቂ ሲያሳይ መቆየቱ ታወቀ። ማረሚያው በዚያው ዕለት ወጣ፤ ያልጫኑት አገልጋዮች ግን እንደ ተጋለጡ ቆዩ።

አደጋ የሚመጣው በመስመር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 በካምፓላ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ዋና ሕንጻ ላይ የተነሣው እሳት ጣራውንና የላይኛውን ፎቅ አውድሟል። እንዲህ ባለ ሌሊት ከዋናው አጠገብ የተቀመጠ ቅጂ አብሮ ይነድዳል። ቅጂው በሌላ ሕንጻ፣ ቢቻልም በሌላ ከተማ ይቀመጣል፤ አልፎ አልፎም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተመልሶ በትክክል መከፈቱ ይፈተናል።