በሦስት እጥፍ ጨመረ የተባለው ኤች አይ ቪ

ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ «በሁለት ዓመት ውስጥ በሦስት እጥፍ ጨመረ» የሚለው ወሬ ዛሬም አልጠፋም። በየጊዜው ከወደቀበት ይነሳና በሬዲዮ፣ በፌስቡክ፣ አንዳንዴም በሥልጠና መድረክ ላይ እንደ አዲስ ይነገራል። ሒሳቡ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ መድከም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን መካከል ቫይረሱ በደማቸው የሚገኘው 0.9 በመቶ ናቸው አለ። በ2017 ተጀምሮ በ2018 የተጠናቀቀው ሌላ ጥናት ደግሞ 3.0 በመቶ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው «ሦስት እጥፍ» ብሎ ጮኸ።

ሁለተኛው ጥናት ግን የተካሄደው በከተሞች ብቻ ነው። ገጠር አልገባም። የዕድሜ ክልሉም እስከ 64 ዓመት ይዘልቃል። በ2016ቱ ዳሰሳ የከተማው ውጤት ለብቻው ሲወጣ 2.9 በመቶ፣ የገጠሩ 0.4 በመቶ ነበር። ስለዚህ መነጻጸር የነበረባቸው 2.9 እና 3.0 ናቸው፤ በእነዚህ መካከል ጭማሪ ብሎ ነገር የለም። ለዚህ ሪፖርቱን ጥቂት ገጾች ገለጥ ገለጥ ማድረግ ይበቃ ነበር። «ሕዝቡ ይፍራ፣ ምን ይጎዳል?» የሚሉ ባለሙያዎች ገጥመውኛል። ይጎዳል። ፍርሃቱ የሚያርፈው ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ በሚታወቁ ሰዎች ላይ ነው፤ ቤት ሲከራዩ፣ ሥራ ሲጠይቁ፣ ትዳር ሲመሠርቱ። ሳይመረመር የሚኖረውን ሰው ደግሞ ከምርመራ የበለጠ ያርቀዋል።

መተላለፊያ መንገዶቹን አንባቢ ከትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ ጀምሮ ሲሰማ ስለኖረ አልደግማቸውም። እዚህ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኢትዮጵያ ወረርሽኙ ከመነሻው የወንድና የሴት ግንኙነት ወረርሽኝ ነው፤ ሕፃናት ላይ የደረሰውም ከእናቶቻቸው አልፎ ነው። በ1984 ተሰብስቦ በተቀመጠ ደም ውስጥ ቫይረሱ ተገኘ፤ በ1986 የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች ተመዘገቡ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በተደረጉ ጥናቶች ከሴተኛ አዳሪዎች 17 በመቶ፣ ከረጅም ርቀት ከባድ መኪና ሾፌሮች 13 በመቶ ገደማ ተይዘው ተገኙ። በዚያ ጥቂት ዓመት ውስጥ ቫይረሱ ዋና ዋና መንገዶችን ይዞ ከከተማ ከተማ ተዳርሶ ነበር።

ቁጥሩ በሐሰት የወጣበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ በሐሰት የወረደበትም አለ። በ2003 አገራዊ ግምቱ 4.4 በመቶ ነበር። በ2005 ደግሞ 1.4 በመቶ ሆነ። በሁለት ዓመት ሦስት በመቶ የሚሆነው ሕዝብ አልዳነም፣ አልሞተምም። የመጀመሪያው ቁጥር የተሠላው ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ከመጡ ሴቶች ደም ነው፤ ጣቢያዎቹ በብዛት በከተማና በመንገድ ዳር ያሉ ነበሩ። ሁለተኛው ቤት ለቤት፣ እስከ ገጠር መንደር ድረስ ተሂዶ የተወሰደ ደም ነው። የተለወጠው መለኪያው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ብዛትና በዓመቱ አዲስ የተያዙ ሰዎች ብዛት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ሊቀንስ ይችላል። ሁለት መቶ አባላት ያሉትን ዕድር እናስብ። በዓመት አሥር ሰው ይገባል፣ አሥር ሰው ይሞታል፤ መዝገቡ ሁለት መቶ ላይ ይረጋል። ከዚያ አንድ ዓመት አምስት ሰው ብቻ ገባ፤ የሞቱት ደግሞ ሁለት ብቻ ሆኑ። መዝገቡ 203 አለ። ዳኛው «ዕድራችን አድጓል» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ አዲስ የሚገባው ግን በግማሽ ቀንሷል። የኤች አይ ቪም እንዲሁ ነው፤ መድኃኒት ሰዎችን በሕይወት ሲያቆይ መዝገቡ ይወፍራል፣ ይህም ትልቅ የምሥራች ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ከመካነ መቃብር ተነስቶ ተለክቷል። ከ2001 ጀምሮ በከተማዋ የመቃብር ሥፍራዎች ጸሐፊዎች ተመድበው የእያንዳንዱን ሟች ዕድሜ፣ ጾታ፣ የመኖሪያ ሰፈርና ቤተሰብ የሚናገረውን የሞት ምክንያት ይመዘግቡ ነበር። ቤተሰብ «ኤድስ» አይልም፤ «የሳንባ በሽታ» ይላል። አጥኚዎቹም ይህን ስለሚያውቁ የትኛው አባባል ኤድስን እንደሚያመለክት ከሌላ የሕክምና መረጃ ጋር እያስተያዩ ለይተዋል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ2003 በክፍያ፣ በ2005 ደግሞ በነጻ መሰጠት ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በከተማዋ የአዋቂዎች የኤድስ ሞት በግማሽ ገደማ ወረደ። ያን ጊዜ ሳይቀበሩ የቀሩት ሰዎች ዛሬም በየዓመቱ «ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ» ተብለው ይቆጠራሉ።

ታዲያ አዲስ የተያዘውን እንዴት እንለያለን? የተለመደው ምርመራ ሰውየው መያዙን ይነግረናል፤ መቼ እንደተያዘ አይነግረንም። ትናንት የተመረመረ ሰው የተያዘው ከአሥር ዓመት በፊት ሊሆን ይችላል። ከደም ጠብታ ውስጥ የመያዙን ዕድሜ የሚያነብ ዘዴ ያስፈልገናል። ይህ ዘዴ አለ፤ በሙያችን ውስጥ ካሉት ብልሃቶች ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ቫይረሱ እንደገባ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካላት ያመርታል። የመጀመሪያዎቹ ቫይረሱን የሚይዙት በላላ እጅ ነው። በንፍፊቶች ውስጥ ግን ፋታ የሌለው ሥራ ይቀጥላል፤ ፀረ እንግዳ አካል አምራቾቹ ሕዋሳት ሲባዙ በዘረመላቸው ላይ ጥቃቅን ለውጥ ይፈጠራል፤ አጥብቆ የሚይዝ የሚያመርተው ይቀራል፣ ልል የሚያመርተው ይወገዳል። ይህ ምርጫ ለወራት ይቀጥላል። በስድስት ሳምንቱ የተወሰደ ደምና በሁለት ዓመቱ የተወሰደ ደም ሁለቱም «ተይዟል» ይላሉ፤ የአያያዛቸው ጥብቀት ግን አይገናኝም።

ላቦራቶሪው የሚለካው ይህንኑ ጥብቀት ነው። ትናንሽ ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ የቫይረሱ ቁራጭ ይለጠፋል፤ ሆን ተብሎ በጣም ተራርቆ። ለምን ተራርቆ? ፀረ እንግዳ አካል ሁለት ክንድ አለው። ቁራጮቹ ቢቀራረቡ ልል የሆነውም በሁለት ክንዱ ተንጠልጥሎ ጥብቅ ይመስላል፤ ሲራራቁ በአንድ ክንድ ብቻ እንዲይዝ ይገደዳል፣ ያን ጊዜ እውነተኛ አቅሙ ይታያል። ከዚያ ሴረሙ (ከደሙ ሕዋሳት የተለየው ፈሳሽ) ይጨመራል፤ ቀጥሎ አሲድነት ያለው ፈሳሽ። ልል የያዘው ይላቀቃል፣ አጥብቆ የያዘው ይቀራል። በመጨረሻ ቀለም ይጨመርና የቀለሙ ድምቀት በመሣሪያ ይነበባል፤ የደመቀው የቆየ፣ የፈዘዘው አዲስ። በተለመደው ወሰን መሠረት አንድ ሰው «አዲስ» ሆኖ የሚታየው በአማካይ ለ130 ቀናት ያህል ነው፤ ከዓመት ሲሶ ይበልጣል። በአንድ ጥናት «አዲስ» ሆነው የተገኙትን በሦስት ገደማ አባዝተን ቫይረሱ ለሌለባቸው ሰዎች ብናካፍል የዓመቱ አዲስ የመያዝ ምጣኔ በግርድፉ ይወጣል።

እንቅፋት አለበት። መድኃኒት በአግባቡ የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ ቫይረስ ስለሚመነምን ፀረ እንግዳ አካላቱም ይዳከማሉ፤ ከአሥር ዓመት በፊት ተይዞ ሳለ «አዲስ» መስሎ ይታያል። ስለዚህ የቫይረሱ መጠን አብሮ ይለካል፣ በደሙ ውስጥ መድኃኒት መኖሩም ይመረመራል። በከተሞቹ ጥናት ይህ የመጨረሻው ምርመራ ሌላ ጥቅም ሰጥቷል፤ «ራሴን አላውቅም» ብለው ለጠያቂው የመለሱ አንዳንድ ሰዎች ደማቸው ውስጥ መድኃኒቱ ተገኝቷል። ሰው ለማያውቀው ጠያቂ ምሥጢሩን ቢደብቅ አልፈርድበትም፤ ስሌቱ ግን ይህን አስቦ መስተካከል ነበረበት፣ ተስተካክሏልም።

በሙያ ጓደኞቼ መካከል ክርክር ያለባቸውን ነጥቦች መሸፋፈን አልፈልግም። 130 የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ የአንዱ ሰው ደም በ60 ቀን ሊበስል ይችላል፣ የሌላው በ300። በዚህ ምክንያት ውጤቱ ለግለሰቡ «በቅርቡ ነው የተያዝከው» ተብሎ ሊነገር አይገባም፤ ባልና ሚስት መካከል «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» የሚል ክስ ለማስነሳት በቂ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅትም ዘዴው በመደበኛ የምርመራ አገልግሎት ውስጥ እንዲገባ አልመከረም። አማካዩ ራሱ በቫይረሱ ዝርያ ይለዋወጣል፤ በአገራችን የሚበዛው ዝርያ ሲ ነው። በቤት ለቤት ጥናት «አዲስ» ሆነው የሚገኙት ሰዎች ጥቂት ስለሚሆኑ የስሕተት ክልሉ ሰፊ ነው። ቤት ለቤት መሄድ ራሱ ካምፕ ያለውን ወታደር፣ የእርሻ ልማት ሠራተኛውን፣ ጎዳና ያደረውን፣ በየሆቴሉ የምታድረውን ሴት አያገኝም። በየዓመቱ የሚወጡት አገራዊ ቁጥሮችም፣ ማለትም በሕይወት ያሉት 600 ሺህ ገደማ፣ አዲስ የሚያዙት ደግሞ በዓመት ከ10 ሺህ በታች የሚሉት፣ ከእነዚህ ጥናቶችና ከሕክምና መዛግብት ተነስቶ በሞዴል የሚሠላ ግምት እንጂ አንድ በአንድ የተቆጠሩ ሰዎች አይደሉም። ቁልቁል የሚወስደውን አቅጣጫ አምነዋለሁ፤ የመጨረሻዋን አኃዝ ይዞ የሚከራከር ሰው ግን ጊዜውን ያባክናል።

አቅጣጫው ለሁሉም እኩል አልሆነም። በከተሞቹ ጥናት ከሴቶች 4.1 በመቶ፣ ከወንዶች 1.9 በመቶ ተይዘው ተገኝተዋል። የሴት ሰውነት ለመያዝ የበለጠ መጋለጡ አንዱ ምክንያት ነው፤ ልዩነቱን በሙሉ ግን አያስረዳም። በደቡብ አፍሪካዋ ክዋዙሉ ናታል የተሠራና በ2017 የታተመ ጥናት የብዙ ሰዎችን ቫይረስ ዘረመል አስተያይቶ ከማን ወደ ማን እንደተሻገረ ተከታተለ። ከ25 ዓመት በታች ያሉ ሴቶች የተያዙት በአማካይ በ8.7 ዓመት ከሚበልጧቸው ወንዶች ነው። የእነዚያ ወንዶች ቫይረስ ደግሞ በብዛት የተያያዘው በራሳቸው ዕድሜ ካሉ፣ ከ25 እስከ 40 ከሆናቸው ሴቶች ቫይረስ ጋር ነው። ዛሬ በ20 ዓመቷ የተያዘችው በ30 ዓመቷ እኩያዋን ታገኛለች፤ እሱም ከእሷ በአሥር ዓመት የምታንስ ጓደኛ ይይዛል። ሰንሰለቱ ከትውልድ ትውልድ የሚሻገረው በዚህ መንገድ ነው። ቁጥሩን ለኢትዮጵያ መዋስ አይቻልም፤ ሐሳቡን ግን የከተማችንን ኑሮ የሚያውቅ ሰው አይስተውም።

ሰንሰለቱ የሚበጠሰውም የት እንደሆነ እናውቃለን። ዑጋንዳ ራካይ ውስጥ አንዳቸው ብቻ ቫይረሱ ያለባቸው 415 ጥንዶችን ተከታትሎ በ2000 የታተመ ጥናት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1,500 በታች የቫይረስ ቅጂ ካለበት ሰው ወደ አጋሩ አንድም መተላለፍ አላገኘም። በአውሮፓ የተካሄደውና በ2016 የታተመው ጥናት 888 ጥንዶችን ያዘ፤ 548ቱ የወንድና የሴት ጥንዶች ነበሩ። 58 ሺህ ያህል ያለ ኮንዶም የተደረገ ግንኙነት ተቆጠረ፤ መድኃኒት ወስዶ ቫይረሱ ከተገታለት ሰው ወደ አጋሩ የተላለፈ ዜሮ። በእኛ ከተሞች ከተያዙት ራሳቸውን የሚያውቁት 79 በመቶ፣ ከሚያውቁት መድኃኒት የጀመሩት 97.1 በመቶ፣ ከጀመሩት ቫይረሱ የተገታላቸው 87.6 በመቶ ነበሩ። ትልቁ ቀዳዳ የመጀመሪያው ነው። መድኃኒት ወስዶ ቫይረሱ የተገታለት ሰው ሊፈራ አይገባም፤ አዲስ መያዝ በዋናነት የሚመጣው ራሳቸውን ካላወቁት ነው።

ምርመራ ራሱ ሲቀንስ ደግሞ ቁጥሩ ሌላ ወጥመድ ይሆናል። እንግሊዝ ውስጥ በ2020 አዲስ ከተመዘገቡት 49 በመቶው በተቃራኒ ጾታ ግንኙነት የተያዙ፣ 45 በመቶው ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸው ወንዶች ሆኑ፤ ጋዜጦቹም በሽታው ወደ ወንድና ሴት ጥንዶች ዞረ ብለው ጻፉ። በዚያ የኮቪድ ዓመት የሁለቱም ምድብ አዲስ ምዝገባ ወርዶ ነበር። ከወንድ ጋር ግንኙነት ባላቸው ወንዶች በኩል ምርመራው የቀነሰው በ7 በመቶ ብቻ ነው፤ ምዝገባው የወረደው መከላከያ መድኃኒትና ተደጋጋሚ ምርመራ ለዓመታት ስለሠሩ ነው። በሌላው ወገን ምርመራው በሲሶ ስለቀነሰ ምን ያህል ሰው ሳይታወቅ እንደቀረ ከምዝገባው ማንበብ አይቻልም።

ይህ ወጥመድ አሁን እኛ ፊት አለ። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲቋረጥ በአፍሪካ ብዙ የምርመራ አገልግሎቶች ተዳክመዋል። በዚያ ዓመት የተያዘች የ19 ዓመት ወጣት ሳትመረመር ከቆየች ወደ ጤና ጣቢያ የምትመጣው ምናልባት በ2031 ሳንባዋን ሲያማት ነው፤ የ2031 አዲስ ተብላ ትመዘገባለች፤ የ2025 ሪፖርት ደግሞ «ቀንሷል» ብሎ አልፏታል። የሲዲ ፎር ቁጥሯ፣ ማለትም ቫይረሱ የሚያመናምናቸው የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳቷ ብዛት፣ ከ200 በታች ሆኖ ከተገኘ ግን ቫይረሱ በሰውነቷ ዓመታት እንደቆየ አብዛኛውን ጊዜ ያሳያል። ጤና ጣቢያዎች ይህን ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ለክተው ከአዲስ ምዝገባው ጎን እንዲጽፉት፣ ሪፖርቱም ከተመረመሩት ሰዎች ብዛት ጋር አብሮ እንዲያወጣው ነው የምጠይቀው።