ከቅጠል እስከ ፍሬ፦ ክሎሮፕላስትን ለሁለት የሚከፍሉት ፕሮቲኖች

የስንዴ ቡቃያ ከብት ቢግጠው ተመልሶ ያድጋል። በስንዴም ሆነ በሌሎች የሣር ዘሮች ቅጠል ላይ አዳዲስ ህዋሳት የሚፈጠሩት ጫፉ ላይ ሳይሆን ግርጌው ላይ በመሆኑ ነው። ይህ ጠባይ ለአርቢው ብቻ ሳይሆን ለተመራማሪውም ጠቅሟል። በአንድ ቅጠል ላይ ከግርጌ ወደ ጫፍ ሲታይ የህዋሳት ዕድሜ ከልጅ እስከ ጎልማሳ በተርታ ተደርድሮ ይገኛልና። ግርጌው ላይ ያሉት ህዋሳት ፈዛዛ ናቸው፤ በውስጣቸውም ገና አረንጓዴ ያልሆኑ ጥቂት ጥቃቅን አካላት ብቻ ይታያሉ። ወደ ጫፉ በተሄደ ቁጥር እነዚያው አካላት ወደ ክሎሮፕላስትነት ተለውጠው፣ ቁጥራቸውም በብዙ እጥፍ ጨምሮ ይገኛል።

ክሎሮፕላስት ተክሉ የፀሐይ ብርሃንን ተጠቅሞ ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግቡን የሚያዘጋጅበት ጓዳ ነው። ከማሳ የሚሰበሰበው ምርት ሁሉ መነሻው እዚያ ነው። ህዋሱ ግን ይህን ጓዳ ከባዶ ተነስቶ መሥራት አይችልም። ቁጥሩን የሚያበዛበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የነበረውን ለሁለት መክፈል።

ምክንያቱ ከትውልድ ሐረጉ ይመዘዛል። ክሎሮፕላስት ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በፊት በሌላ ህዋስ ውስጥ ገብቶ የቀረ፣ ሳይኖባክቴሪያ ከሚባለው ወገን የመጣ እንግዳ ነው። ዛሬም የሚከፈለው እንደ ባክቴሪያ ወገቡ ላይ ጠቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ካትሪን ኦስተርያንግና ኤሊዛቤት ቪርሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ባክቴሪያ ለመከፈል የሚጠቀምበት ኤፍቲኤስዜድ የተሰኘ ፕሮቲን በተክል ክሎሮፕላስት ውስጥም እንደሚገኝ አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ የአከፋፈሉ ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ተገልጧል።

ጆንያ ወገቡ ላይ በገመድ ሲታሰር እንደሚጠብ ሁሉ ክሎሮፕላስትም መሃሉ ላይ ቀለበት ይታሰርበታል። ልዩነቱ እዚህ ገመዱ ከውስጥም ከውጭም መኖሩ ነው። የውስጡን የሚሠሩት ሁለት ዓይነት የኤፍቲኤስዜድ ፕሮቲኖች ናቸው። ክሎሮፕላስት በሁለት ስስ ሽፋኖች የተጠቀለለ በመሆኑ ቀለበቱን የሚይዝ ካስማ ያስፈልጋል፤ በውስጠኛው ሽፋን ላይ የተተከለው አርክ6 የተባለ ፕሮቲን ይህን ሥራ ይሠራል። አርክ6 በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ባለው ክፍተት እጁን ዘርግቶ በውጪኛው ሽፋን ላይ ያለውን ፒዲቪ2 የተባለ ፕሮቲን ይጨብጣል። ፒዲቪ2 ከአጋሩ ከፒዲቪ1 ጋር ሆኖ በበኩሉ አርክ5 የተባለውን ፕሮቲን ከውጭ ይጠራል። አርክ5 ዙሪያውን ተጠምጥሞ ያጠብቃል። የውስጡ ገመድ ከእንግዳው የተወረሰ የባክቴሪያ መሣሪያ ሲሆን፣ የውጭውን ያዋጣው ባለቤቱ ተክል ነው። የሁለቱም ገመዶች የሥራ ትዕዛዝ ዛሬ ያለው በተክሉ ኒውክለስ ውስጥ ነው፤ እንግዳው በራሱ ፈቃድ መባዛት ካቆመ ቆይቷል።

ቀለበቱ መሃል ላይ እንጂ ዳር ላይ እንዳይታሰር የሚጠብቁ ሌሎች ፕሮቲኖችም አሉ። ሚንዲ፣ ሚንኢ እና አርክ3 ይባላሉ። እነዚህ ሲጓደሉ ቀለበቱ ያለቦታው ይታሰርና አንዱ ክሎሮፕላስት ግዙፍ፣ ሌላው ድንክ ሆኖ ይወጣል።

አርክ የሚለው ስም የመጣው በእንግሊዝ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ኬቨን ፓይክና ሬቸል ሊች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካደረጉት ምርምር ነው። አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ አረም ላይ የዘረመል ለውጥ እያደረጉ የክሎሮፕላስት ቁጥራቸው የተዛባ ዕፅዋትን ለዩ። በጤነኛዋ ተክል የቅጠል ህዋስ ውስጥ 100 ገደማ ክሎሮፕላስቶች ሲኖሩ፣ አርክ6 በተጓደለባት ውስጥ የተገኙት ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ግን ህዋሱን የሞሉ ግዙፎች ናቸው።

ጠቅላላው አረንጓዴ አካል ያው ከሆነ መቶ ሆነ ሁለት ምን ለውጥ ያመጣል ሊባል ይችላል። ያመጣል። ትናንሽ ክሎሮፕላስቶች ብርሃን ሲደክም ወደ ብርሃኑ ይዘረጋሉ፤ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ወደ ህዋሱ ግድግዳ ዳር ሸሽተው ከጉዳት ያመልጣሉ። ግዙፉ እንዲህ መላወስ አይሆንለትም። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነ ጥናት ግዙፍ ክሎሮፕላስት እንዲኖረው የተደረገ ትምባሆ ብርሃኑ ሲያንስም ሲበዛም እድገቱ ተጎድቷል። ቁጥሩን በተቃራኒው ማብዛትም ይቻላል፤ ሳይቶካይኒን የተባለው የዕፅዋት ሆርሞን ሲጨምር የፒዲቪ ፕሮቲኖች ይበዛሉ፣ ክሎሮፕላስቶቹም በርክተው መጠናቸው ያንሳል።

ለእህል አምራቹ የሚቀርበው ወሬ ያለው ግን ፍሬው ውስጥ ነው። በስንዴ ፍሬ ውስጥ ስታርች የሚከማችበት አሚሎፕላስት የክሎሮፕላስት ወንድም ሲሆን፣ የሚከፈለውም በዚሁ የፕሮቲን ቤተሰብ ነው። በእንግሊዝ ኖርዊች የሚገኘው የጆን ኢንስ ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ሥራ፣ ፓርክ6 የተባለ የአርክ6 ዘመድ የተጓደለበት ዱረም ስንዴ በቅጠሉም በፍሬውም ግዙፍ አካላት እንዳሉት፣ የስታርቹ ቅንጣትም መጠኑ ጨምሮ እንደሚገኝ አሳይተዋል። የስታርች ቅንጣት መጠን ደግሞ ዱቄቱ ውሃ ከሚስብበትና ከሚበስልበት ሁኔታ ጋር የተያያዘ ነው። የትልልቆቹ ቅንጣቶች ገጽ ግን እንደ ወትሮው ለስላሳ ሳይሆን ጎርባጣ ሆኗል።

ከዚህ ሥራ ሁለት ነገሮች በተለይ ልብ ሊባሉ ይገባል። በአረሟ ላይ ያን ያህል ጉዳት ያደረሰው የአርክ6 መጓደል በስንዴው ላይ ክሎሮፕላስቱን አላገዘፈም፤ ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት ፓርክ6 ሥራውን ሸፍኖለታል። ከአረም የተገኘ ውጤት እንዳለ ወደ ሰብል ሊገለበጥ አይችልም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ፓርክ6 በተጓደለበት ስንዴ የተክሉ እድገት፣ የፍሬው ቁጥርና መጠን፣ የስታርቹም ጠቅላላ ይዘት አልተለወጠም። ስለዚህ ይህ ግኝት በሄክታር የሚገኘውን ኩንታል የሚያሳድግ አይደለም፤ የሚነካው የስታርቹን ዓይነት ነው።

ዱረም ስንዴ ለኢትዮጵያ ደጋ ባዕድ አይደለም። አርሶ አደሩ ከጥንት ጀምሮ በዋልካ አፈር ላይ ሲዘራው፣ ለቂንጬ፣ ለንፍሮና ለዳቦ ሲያውለው ኖሯል፤ ዛሬ ደግሞ የፓስታና የማካሮኒ ፋብሪካዎች ይፈልጉታል። የሰብሉ ማሻሻያ ምርምርም ከቢሾፍቱው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር የቆየ ነው። በኖርዊች የተሠራበት ስንዴ ባዕድ ጂን የገባበት ሳይሆን ዘሩን በኬሚካል በመንከር በተገኘ የዘረመል ለውጥ የተመረጠ በመሆኑ፣ አዳቃዮች በተለመደው የማዳቀል ዘዴ ጠባዩን ወደ ሌሎች የዱረም ዝርያዎች ሊያሻግሩት ይችላሉ።